ቀኝ ትከሻ፦ አንድ ሜትር ከአርባ ዘጠኝ

ጥር 8

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ዛሬ ረፋድ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ የሮማ ወታደር ጆሮውን ለማከክ ቀኝ እጁን ሲያነሣ፣ ሁለተኛው የትከሻ ላሜራ በአንገቱ ገብቶ በአገጩ መውጣቱን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሟች ደም አልፈሰሰውም፤ ፊቱም አልተለወጠም። ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሰው እንዲህ ነው፤ ብረት በጉሮሮው አልፎም ፊቱን አያጨማድድም። ያጨማደድኩት እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት ብቻ አሥራ አራተኛ ሞቱ ነው።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስል ከአንገት በላይ ነው።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አይደለም፣ ጨዋታ አይደለም። ሥራ ነው። ሙዚየማችን ስለ ጥንት ሮማ ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው፤ እኔ የወታደሩን የብረት ጥሩር በኮምፒውተር እሠራለሁ። ጎብኚው ስክሪኑን በጣቱ ሲነካው ወታደሩ ይዞራል፣ ይራመዳል፣ ጦሩን አንሥቶ ይወረውራል። ማለቴ፣ ሊወረውር ይገባው ነበር። ጥሩሩ እንደ አንተ በሮች ወጥ ብረት አይደለም፤ ቀጫጭን ላሜራዎች እየተደራረቡ የተሠራ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የአንበጣ ሆድ ይመስላል። ሲቆም ያምራል። ጉዱ ሲንቀሳቀስ ነው።

አለቃዬን በዝና ታውቀዋለህ። ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«በመሆኑም» ስለሚጀምር ስሙን «በመሆኑም» ብለነዋል። እንደምን አደርክ ሲሉት እንኳ «በመሆኑም ደህና» ነው መልሱ። ትናንት ከኋላዬ ቆሞ ወታደሩ ሲሞት አየና፣ «በመሆኑም መጋቢት 20 ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ይህ ሰው ክንዱን በሥርዓት ካላንቀሳቀሰ፣ የሙከራ ጊዜሽ እዚያው ላይ ያበቃል» አለኝ። ሥራውን የሚሰጠው ለዚሁ ኤግዚቢሽን የጥንት ማሰሮዎችን በኮምፒውተር ለሠራው ባልደረባዬ ነው። ባልደረባዬ ስምንት ማሰሮ ሠርቶ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። እንዴት ይገኝበት? ማሰሮ ጆሮ እንጂ ክንድ የለው!

ስለዚህ ልለምንህ ነው። አንተ ዕድሜህን ሁሉ ላሜራ ስትቆርጥ፣ በር ስትበይድ፣ አሸንዳ ስትሰቅል የኖርክ ሰው ነህ። የላሜራዎቹን ቅርጽ በካርቶን ቆርጬ ልኬልሃለሁ። የቀኙን ትከሻ ብቻ፣ ጦር የሚወረወረው በቀኝ ነውና፣ ከእውነተኛ ብረት ሥራልኝ። ልበሰው። ክንድህን እስከቻልክ ድረስ አንሣና የት ላይ እንደቆመ ለክተህ ጻፍልኝ። ግራውን ኮምፒውተሩ ራሱ ገልብጦ ያወጣዋል።

በስልክ ቢሆን በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ግን በስልክ ሦስተኛውን ደቂቃ ሳንጣላ እንደማናልፍ ታውቃለህ፤ ባለፈው ጆሮዬ ላይ የዘጋኸው አንተ ነህ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ይልቅ ጽሑፍህ ምን ነክቶታል? የመጨረሻውን ደብዳቤህን ዶሮ እግሯን ቀለም ነክራ የጻፈችው ነው የሚመስለው። ወርክሾፑስ ለምን ተዘጋ? ባለፈው በስልክ ድምፅህስ ለምን ደከመ? ሚስትህን፣ እትዬን፣ ሳምልኝ።

እህትህ

*

ጥር 19

ለእህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? አሥር አለቃውስ እንዴት ነው? ስም ስላላወጣሽለት ማዕረግ ሰጥቼዋለሁ። በሳምንት አሥራ አራት ጊዜ የሞተ ሰው ቢያንስ አሥር አለቃ ቢባል አይበዛበትም።

ለጥያቄዎችሽ መልሱ ይኸው፦ ደህና ነኝ። ጽሑፌ የተንጋደደው እስክሪብቶው ስለሚያንጠባጥብ ነው። ወርክሾፑ የተዘጋው ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ነው። ድምፄ የደከመ የመሰለሽ ስልኩ ስለደከመ ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ካርቶኖችሽ ደረሱ። ስድቡ ይቅደም ወይስ ምክሩ? ስድቡ ይቅደም። አንቺ ልጅ፣ ከአባታችን መዶሻ ሥር አድገሽ ብረትን ከብረት ጋር በሪቬት ምስማር ቀጥቅጠሽ ‹ለምን አልታጠፈልኝም› ትያለሽ? የሠራሽው እኮ ልብስ አይደለም፣ በር ነው። ያውም የማይከፈት። ምክሩ ደግሞ ይህ ነው፦ ላሜራውን ከላሜራው ፍቺው። ከውስጥ በኩል ጠፍር አውርጂና እያንዳንዱን ላሜራ በጠፍሩ ላይ ለብቻው ምቺው። ብረቱ ጎረቤት ይሁን እንጂ አይጋባ።

ትከሻውን እሠራልሻለሁ። ጊዜ አለኝ።

ሚስቴ በጣም ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ

*

የካቲት 1

ጋሼ፣

«ጊዜ አለኝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንተ ጊዜ ኖሮህ አያውቅም። ልትዳር ስትል እንኳ «ቶሎ በሉ፣ በር አለብኝ» ያልክ ሰው ነህ። ምን ሆነሃል? እሺ፣ አልጠይቅም።

ምክርህን ፈጸምኩ። ብረቱን አፋትቼ ከጠፍር ጋር አጋባሁት። ውጤቱ፦ አሥር አለቃው አሁን በአንገቱ መሞቱን ትቶ በጆሮው ይሞታል። በመሆኑም መጥቶ አየና «በመሆኑም ለውጥ አለ» ብሎ ሄደ። ማሰሮ ሠሪው ደግሞ ዘጠነኛውን ማሰሮ ጨርሶ እያፏጨ ነው። ፉጨቱ ከግድግዳው ወዲህ ይሰማኛል። የቀረኝ አንድ ወር ከምናምን ነው፤ ልኬቱን ላክልኝ፣ ልኬቱን፣ ልኬቱን!

አንድ ነገር ደግሞ፣ ባለፈው ፖስታ ላይ የእኔን አድራሻ የጻፈችው እትዬ ናት አይደል? ያንተ እጅ ቢሆን ኖሮ ፖስተኛው እስካሁን ይፈልገኝ ነበር።

እህትህ

*

የካቲት 12

ለእህቴ፣

አሥር አለቃው በጆሮው መሞት በመጀመሩ እንኳን ደስ አለሽ። ከአንገት እስከ ጆሮ አራት ጣት ነው፤ በዚህ አያያዝሽ እስከ መጋቢት በአናቱ ወጥቶ ይገላግልሻል።

ትከሻው አልቋል። የሠራሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ ቆረጠችው፣ ሚስቴ በሳችው፣ ሚስቴ ጠፍሩን መታችው፤ እኔ ሠራሁት። ልብስ ሰፊ አይደለች? ጨርቅ የለመደ እጅ ላሜራ አያቅተውም። ዋና ባለሙያ የሚያንቀሳቅሰው አፉን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አልብሳኝ በሩ አጠገብ አቆመችኝ። የስፌት ጠመኔዋን ይዛ በርጩማ ላይ ወጣች።

«አንሣ» አለች። አነሣሁ።

«አንሣ እንጂ!»

«አንሥቻለሁ እኮ!»

«ይሄ ነው ማንሣት? አውቶቡስ የምታስቆም ነው የምትመስለው።»

«ሮማዊ ነኝ፤ ተይኝ!»

በዚህ መካከል አንድ ደንበኛ፣ ወርክሾፑ ዝግ ቢሆንበት፣ አሸንዳ ሊያዝ ቤት ድረስ መጣ። በአንድ ትከሻዬ ብረት ለብሼ፣ እጄን ወደፊት ዘርግቼ፣ በርጩማ ላይ ከቆመች ሴት ጋር ስጣላ አየኝ። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አለ። እስካሁን አልተመለሰም።

ልኬቱ ይኸው፦ ከወለሉ እስከ ጣቴ ጫፍ፣ አንድ ሜትር ከአርባ ዘጠኝ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ሦስት ጊዜ ለካን፤ ሦስቱንም አርባ ዘጠኝ መጣ። ጠመኔው መቃኑ ላይ አለ።

አባታችን «በወሬ ብትዋሽ ሰው ይታዘብሃል፤ በልኬት ብትዋሽ በሩ አይገጥምም» ይል ነበር። በወሬ ስንት ጊዜ እንደዋሸሁሽ ቆጥረሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ። በልኬት ግን ዋሽቼሽ አላውቅም።

ወንድምሽ

ከዚህ በታች የተሰረዘው የሚስቴ ጽሑፍ ነው። የሆነች ሴት ቀሚስ ጉዳይ ነው፤ አይመለከትሽም።

*

የካቲት 23

ጋሼ! ጋሼዬ!

አሥር አለቃው አልሞተም። አራት ቀን ሙሉ አልሞተም!

ልኬትህ እንደደረሰኝ ለኮምፒውተሩ «ክንዱ ከአንድ ሜትር ከአርባ ዘጠኝ እንዳያልፍ» ብዬ አዘዝኩት። አበቃ። ላሜራው ላሜራውን አይነካም፣ አንገቱ ሰላም፣ ጆሮው ሰላም። ላሜራዎቹ ይጋጩ የነበሩት እኮ ክንዱ ከዚያ በላይ ሲወጣ ነበር! እኔ ሁለት ወር ሙሉ የማይነሣ ክንድ ላነሣ ስታገል ነው የከረምኩት።

በመሆኑም ምን እንዳደረገ ልንገርህ። አየ። መነጽሩን አወለቀ። «በመሆኑም» አለ፣ «ይህ አዲስ ግኝት ነው።» በማግሥቱ ሰሌዳ አሠራ። ሰሌዳው የበር ስፋት አለው፤ እንዲህም ይላል፦ «የሮማ ወታደር በጥሩሩ አሠራር ምክንያት ቀኝ ክንዱን ከትከሻው በላይ ማንሣት አይችልም ነበር። በመሆኑም ጦሩን ይወረውር የነበረው ከብብቱ ሥር ነው።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የራሱ ጭማሪ ነው። ማሰሮ ሠሪው ማፏጨት አቁሟል።

ደስታዬን ያደፈረሰው የበር ጥበቃችን ብቻ ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበና፣ «ታዲያ ለአለቃው ሰላምታ የሚሰጠው በምኑ ነበር? በእግሩ?» አለኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አልነበረም።

ለጥበቃው አፍ ማዘጊያ ይሆነኛልና እባክህ የግራውንም ትከሻ ሥራልኝ። ያው አርባ ዘጠኝ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ያንተ ልኬት ሲሆን ይቀበለዋል።

እትዬን፣ ስርዙን በመስኮት ብርሃን አንሥቼ ሳየው «ጠይቂው» የምትለዋ ቃል ብቻ ተነበበችኝ፤ ምን ብዬ ማንን እንደምጠይቅ ጠይቅልኝ።

እህትህ

*

መጋቢት 4

ለእህቴ፣

ግራ ትከሻ፦ ሁለት ሜትር ከአሥር።

ላሜራው ያው ነው። ጠፍሩ ያው ነው። ለኪዋም ያቺው ናት።

ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። እስክሪብቶው ሊያልቅ ነው። አሥር አለቃውን ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 9

ወንድሜ፣

ሰላምታ የለም። ሰላምታ አልቋል።

ላሜራው ያው ነው። ጠፍሩ ያው ነው። ለኪዋ ያቺው ናት። በሩ ያው፣ ጠመኔው ያው። አንዱ ትከሻ አርባ ዘጠኝ ላይ ቆሞ ሌላው ሁለት ሜትር ከአሥር ከደረሰ፣ ያው ያልሆነው ምንድን ነው? ጥሩሩ አይደለም። ሮማም አይደለችም። አንተ ነህ!

ደብዳቤዎችህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። እስክሪብቶው ያንጠባጥባል አልክ፤ አንድም ጠብታ የለም። ያለው በግራ እጁ መጻፍ የሚማር ሰው ፊደል ነው። ወርክሾፑ ቀለም እየተቀባ ነው አልክ፤ ምን ቀለም ነው ሁለት ወር የሚቀባው? ጊዜ አለኝ አልክ። ሚስቴ ቆረጠችው፣ ሚስቴ በሳችው፣ ሚስቴ መታችው አልክ። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ይዤ ሮጥኩ! ቁጥር ስትነግረኝ ጆሮዬን ሰጥቼህ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ይህን ታውቃለህ፤ አውቀህ ነው።

አልዋሸህም፤ ይገባኛል። የከፋውም እሱ ነው። የተጎዳ ትከሻ ትክክለኛ ልኬት ላክህልኝ፤ እኔ በሮማ ሠራዊት ሁሉ ትከሻ ላይ ጫንኩት። ስንት ሺህ ወታደር ባንተ ምክንያት እጁን ማንሣት ተከልክሎ በር በሚያህል ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል!

ለመክፈቻው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሰሌዳው ይውረድ ካልኩ በመሆኑም እኔን ነው የሚያወርደኝ። ይቆይ ካልኩ በየቀኑ በአጠገቡ ማለፍ አለብኝ፤ ጥበቃው ደግሞ በር ላይ አለ።

ግን እሱ ይቆየን። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፦ መቼ? እንዴት? ሐኪም አይቶሃል? ሦስት ሆነብህ? ሦስቱንም መልስ። ካልመለስክ ደብዳቤ አልጽፍም፤ ራሴ እመጣለሁ።

እህትህ

*

መጋቢት 14

ለእህቴ፣

እንዳትመጪ። መልሱ ይኸው።

ከጣሪያ ላይ ወድቄ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሳምንት በኩራት እጽፍልሽ ነበር። ከመሰላል ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ ስሮጥ ኖሬ፣ ሚስቴ አራት ዓመት የለመነችኝን የገዛ ቤቴን አሸንዳ ልሰቅል ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስወጣ መሬቱ ጠራኝ። ታኅሣሥ ላይ ነው። አሸንዳው አሁንም መሬት ላይ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሚስቴ እሱንም እኔንም ታያለች።

ሐኪም አይቶኛል። አጥንቱ ገጥሟል። «ጣቶችህን በግድግዳ ላይ እንደ ጉንዳን እያራመድክ በየቀኑ ወደ ላይ ውሰዳቸው» ብሎ አዘዘኝ። እኔ፣ ጢሜን ያወጣሁ ሰው፣ ግድግዳ ላይ ጉንዳን ልጫወት? ተውኩት። ትከሻው ደረቀ። አንቺ ልኬት ስትጠይቂኝ የደረቀበት ቦታ አርባ ዘጠኝ ነበር። በዚህ ክንድ በር አይነሣም፤ ወርክሾፑም ቀለም አያውቅም፣ ዝግ ነው።

ለምን ደበቅህ ትያለሽ። እናታችን የታመመች ጊዜ ለሦስት ቀን ብለሽ መጥተሽ ስምንት ወር ቆየሽ። ስትመለሺ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ይህን ሥራ እስክታገኚ ሁለት ዓመት ፈጀብሽ። ያኔ «አይቆጨኝም» አልሽኝ፤ አንቺም በወሬ ትዋሻለሽ። አንድ ትከሻ ለሁለት ሰው ሥራ ማጣት ምክንያት አይሆንም ብዬ ዝም አልኩ። የግራውን ስትጠይቂኝ ግን ሁለት ቀን አሰብኩበት። አርባ ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅም ነበር። እጄ እምቢ አለ። ግራው እንኳ።

ሰሌዳውን ተይው። አሥር አለቃው ሁለት ሺህ ዓመት ዝም ብሏል፤ አሁን ተነሥቶ ስሜ ጠፋ አይልም።

እንደማትተይው ስለማውቅ ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቢ። ግራውን ለብሼ ክንዴን ሳነሣ ሚስቴ ከሥር በኩል እንድታይልኝ አደረግሁ። ላሜራዎቹ እርስ በርሳቸው ሥር እየገቡ ይደራረባሉ፤ ጠፍሩ ደግሞ ከውስጥ ይጨማደዳል። እንደ ካልሲ። ባለፈው ወር የላክሽልኝን የኮምፒውተር ሥዕል አየሁት፤ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለው ጠፍር ዱላ ነው፤ አይጨማደድም። አልጨማደድ ስላለ ላሜራውን ገፍቶ ገፍቶ ሰውዬው አንገት ውስጥ ይከትተዋል። ጠፍሩ ይጨማደድ። ሌላ ችግር የለበትም።

ከሰኞ ጀምሮ ጉንዳኑን ይዤዋለሁ። ብረቱን ለብሼ ነው የማደርገው፤ ብረት ለብሶ ግድግዳ መቧጠጥ ትንሽ ክብር አለው። የዛሬ ልኬት፦ ሃምሳ ሦስት።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 21

ጋሼ፣

ትናንት ተከፈተ።

ጠፍሩን አጨማደድኩት። አሥር አለቃው ክንዱን ወደ ላይ አነሣ፤ አንገቱ ሰላም፣ ጆሮው ሰላም፤ ጦሩን ሲወረውረው ከስክሪኑ ወጥቶ እስካሁን አልተገኘም። ጥበቃው ፊት ለፊት ቆሞ አየው፤ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠው።

ለበመሆኑም ከመከፈቱ ከሦስት ቀን በፊት ገብቼ ነገርኩት። «ግኝቱ የወታደሩ አይደለም፣ የወንድሜ ነው» አልኩት። «በመ...» አለና ቆመ። በሕይወቱ ቃሉን ሳይጨርስ ሲቀር ያየሁት ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ውሳኔው መጣ፦ የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር ተራዝሟል። አልተባረርኩም፣ አልተቀጠርኩም። ማሰሮ ሠሪው ግማሽ ፉጨት ጀምሯል። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ስለተጣበቀ አይነሣም ተባለ፤ ከሥሩ ማስተካከያ እንዲለጠፍ፣ ጽሑፉን እኔው እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። በመሆኑም የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ አይቶ፣ ደስ ብሎት፣ ፈረመበት። ግልባጩን ከታች አድርጌልሃለሁ።

ስላልነገርከኝ አልማርኩህም። እንዳትመጪ ስላልከኝ አልመጣሁም። ሁለቱን አቻችለህ ያዝ። እናታችን ጋ የመጣሁት ሳይቆጨኝ ነው፤ ይህ ልኬት እንጂ ወሬ አይደለም። ካሁን በኋላ ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ «ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃል ከደብዳቤህ አውጣት። በየሳምንቱ ቁጥር ብቻ ላክልኝ። የዚህን ሳምንት እትዬ ሳትሰረዝ በራሷ እጅ ልካልኛለች።

አሸንዳውን ሌላ ሰው ይስቀለው።

እህትህ

ማስተካከያ

በመሆኑም ከዚህ በላይ በሚታየው ሰሌዳ ላይ «የሮማ ወታደር ቀኝ ክንዱን ከትከሻው በላይ ማንሣት አይችልም ነበር» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ እንደሚከተለው እንዲታረም ተወስኗል። የሮማ ወታደር ይችል ነበር። ያልቻለው የባለሙያዋ ታላቅ ወንድም ነው። እሱም ይህ ማስተካከያ እስከወጣበት ቀን ድረስ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት ደርሷል።